ድምፅዎ የተዘጋበት ቅዳሜ

ለተከበሩ የታዳጊዎች እግር ኳስ ማሠልጠኛ ዋና አሠልጣኝ
ከሸክላ ፋብሪካው ጀርባ ባለው ሜዳ

ጉዳዩ፦ በሜዳዎ ስለሚጮኸው ቁጥርና ስለ አንዲት ልጅ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ። ለጉሮሮዎ ደግሞ ለብቻው እመኛለሁ፤ ባለፈው ቅዳሜ ሁላችንም እንዳየነው የዐሥራ አንድ ልጆች አእምሮ ያለው በእርሱ ውስጥ ነውና፣ እርሱ ሲታመም ሁሉም አብረው ይታመማሉ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ስለ እኔ የሚወራ አንድ ነገር ማረም ግድ ሆኖብኛል። በዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ "አሮጊቷ ሜዳ ገብታ ረዳት አሠልጣኙን በጃንጥላ ደበደበችው" እየተባለ እንደሚወራ ሰምቻለሁ። ጃንጥላ የለኝም፤ የነበረኝን ከሁለት ዓመት በፊት አውቶቡስ ውስጥ ረስቼዋለሁ። በእጄ የነበረው ከዘራ ነው። በከዘራውም ያስቆምሁት ኳስ ነው እንጂ የመታሁት ሰው የለም። ኳሷ ከከዘራዬ ነጥራ የረዳትዎን ቅልጥም ማግኘቷ እውነት ነው፤ ስለዚህም በማግስቱ ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። እርሱም እያነከሰ ወንበር አቀረበልኝና "ምንም አይደል እማማ" አለኝ። ሌላም ነገር ብሎኛል፤ እርሱን ግን እንጀራውን እንዳላሳጣው ብዬ ሆድ ይፍጀው ብያለሁ።

ሰኞ ዕለት ከጽሕፈት ቤትዎ በአንድ ፖስታ ሁለት ወረቀቶች ደረሱኝ። አንደኛው እኔ እስከ ውድድር ዘመኑ ማብቂያ ከሜዳው አጥር ውስጥ እንዳልገባ የሚከለክል ነው፤ ስለ አጭርነቱና ስለ ማኅተሙ ጥራት አመሰግናለሁ። ሁለተኛው የዐሥራ አንድ ዓመት የልጅ ልጄን "በታዛዥነት ከታዳጊዎቹ ሁሉ ብልጫ በማሳየቷ" ለአዳሪ ማሠልጠኛው እንደመረጧት፣ ከዛሬ ዐሥር ቀን በኋላ በሚውለው ሰኞም ተረክበው ለአራት ዓመት በእርስዎ ሥር እንደሚያሳድጓት የሚያበሥር ነው። አባቷ፣ ማለትም የእኔ ልጅ፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ወረቀቱን የመኪናው ሞተር ሳይጠፋ መሪው ላይ አስደግፎ ፈረመ። እናቷ አርፋለች። እኔ ደግሞ ሕጉ እንደሚለው ፊርማ የሌለኝ አያት ነኝ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ይከለክላል ብዬ አይደለም። የሚያደርገው ያጣ ሰው ይጽፋል፤ እኔም ብዕር ከመያዝ በቀር የቀረኝ ነገር የለም።

ሜዳዎን ለማያውቁ አንባቢዎች አሠራርዎን ባጭሩ ላስረዳ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ማሠልጠኛውን ሲከፍቱ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ቁጥር ሰጡት። ሁለት ማለት አጠገብህ ላለው አቀብል፤ አራት ማለት ለግብ ጠባቂው መልስ፤ ሰባት ማለት ከሜዳ አውጣ፤ ዘጠኝ ማለት ወደ ግብ ምታ፤ ዐሥራ አንድ ማለት ባለህበት ቁም። ልጆቹ ራሳቸው የሚጠሩት በማሊያቸው ቁጥር ነው። እንግዲህ እርስዎ በተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ቆመው "ስድስት፣ አራት!" ሲሉ ስድስት ቁጥር የለበሰው ልጅ ኳሷን ለግብ ጠባቂው ይመልሳል። አንድ ቀን በአጥሩ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ዕጣ እየወጣ መስሎት ቆሞ ኪሱን ሲፈትሽ በዓይኔ አይቻለሁ። ሳይታዘዝ ኳስ የነካ ልጅ ከሣጥኑ ሥር ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ይቆማል። በዚህ መንገድ ሰባት ዋንጫዎች ወስደዋል፤ እንኳን ደስ ያለዎት። የልጅ ልጄ ማሊያ ስድስት ቁጥር ነው።

ከዚህ በታች ያሉትን ቅሬታዎቼን በቁጥር አድርጌአቸዋለሁ፤ ያለ ቁጥር የተነገረ ነገር በሜዳዎ ስለማይሰማ ነው።

አንደኛ፤ ይህች ልጅ ቤት ውስጥ የምንጠራት እንዝርት ብለን ነው። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት ሳይሞላት ከስፌት በተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ ኳስ ሰፋሁላት፤ እርሷም ያችን ይዛ ኮሪደራችን ውስጥ ስትሾር ትውል ነበር። የምግብ ጠረጴዛውን አራት ወንበሮች በመስመር ታቆምና እየሰደበች ታልፋቸዋለች። "አንተ ባለ ሰባራ እግር! በግራህ ካለፍኩህ ቆየሁ እኮ፣ አንተ ገና ልትዞር ነው!" ትለዋለች ወንበሩን። ሁለት የመስኮት መስተዋት፣ አንድ የአምፖል ሽፋንና የሟች ባለቤቴን ፎቶግራፍ ሰብራብኛለች። ያን ጊዜ ተቆጥቻታለሁ። እንዝርት ደግሞ የሚሾረው አሽከርክረው ሲለቁት ነው፤ ተይዞ የሚሾር እንዝርት እስከ ዛሬ አላየሁም። እርስዎ እነሆ ሁለት ዓመት ሙሉ ይዘዋታል። ወንበሮቻችን በቦታቸው ናቸው፤ መስተዋቶቻችንም ደኅና ናቸው፤ ቤታችን ፀጥ ብሏል። ስለዚህ ፀጥታ ያለኝን ምስጋና በምን ቃል ልግለጽልዎ?

ሁለተኛ፤ ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ወተት ጥጄ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ስመለስ ወተቱ ገንፍሎ በምድጃው ጎን ይወርዳል፤ ልጅቷ ጨርቅ በእጇ ይዛ፣ ከምድጃው አንድ እርምጃ ርቃ ቆማለች። ዞር ብላ "አያቴ፣ ላውርደው?" አለችኝ። ሰነፍ እንዳትመስልዎት፤ ጨርቁን ይዛዋለች፣ ተዘጋጅታለች፣ የቀራት የእኔ ቃል ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልብ ብዬ ስከታተላት ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነች። ጃኬት ልልበስ? አስፋልቱን ልሻገር? መብራቱን ላጥፋ? አንድ ቀን በምሳ ላይ ሳህኗን አይታ "አያቴ፣ ጠግቤያለሁ?" ብላ ስትጠይቀኝ ማንኪያዬን አስቀመጥሁ። በሠላሳ አንድ ዓመት የማስተማር ሥራዬ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄያለሁ፤ የሌላ ሰው ሆድ ስለመሙላቱ ግን ተጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሦስተኛ፤ ልጆቹ ስም አላቸው።

አራተኛ፤ የቅዳሜው ነገር ነው፤ እርስዎ ስለነበሩ ቢያውቁትም፣ ድምፅ ስላልነበረዎት ያልተናገሩትን እኔ ልናገርልዎ።

ተጋጣሚያችን ከድልድዩ ማዶ ያለው የትምህርት ቤት ቡድን ነበር። አሠልጣኛቸው ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፣ ዝም ይላሉ። ልጆቻቸው ይጋጫሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ አንዱ ኳስ ስቶ በቂጡ ሲወድቅ ሌላው ሆዱን ይዞ ይንከባለላል። እስከ ዕረፍት ድረስ ሁለት ለባዶ መራን። እርስዎ ግን ሁለተኛዋ ግብ ስትገባ "ዘጠኝ! ዘጠኝ! ዘጠኝ!" ብለው ከጮኹ በኋላ ጉሮሮዎን ሲይዙ አየሁ።

በዕረፍቱ የእኔ መቀመጫ ከእነርሱ አግዳሚ አጠገብ ስለነበረ ፖስተኛው ልጆቻቸውን ሰብስበው የተናገሩትን በሙሉ ሰማሁ፤ ብዙም አይደለም። "እስቲ፣ ምን አያችሁ?" አሉ፤ ከዚያ ጠበቁ። አንዱ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ አለ። ሌላዋ ጫማዬ ይሰፋኛል አለች። አንድ ጥርሰ ፍንጭት ልጅ ግን ቀስ ብሎ "ጋሼ፣ እነሱ እኮ ሰውየው ካልጠራቸው አይሄዱም። ስድስት ቁጥሯን ዐሥራ አንድ ሲላት እንደ ስልክ እንጨት ነው የምትገተረው" አለ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አዙረው ተመለከቱና "ታዲያ?" አሉት። ልጁ ከንፈሩን ላሰ።

ጨዋታው ሲቀጥል እርስዎ ሣጥኑ ላይ ወጥተው አፍዎን ከፈቱ፤ የወጣው ግን እንደ አሮጌ በር ያለ ሲጥታ ነው። ልጆቹ ዞረው አዩዎት። በጣትዎ አራት አሳዩአቸው፤ ጣት ግን አላስተማሯቸውም። ወደ ረዳትዎ ዞሩ፤ እርሱም በሜዳው ላይ ከእርስዎ በቀር ማንም ድምፅ እንዳያሰማ ያወጡትን ደንብ አክብሮ እንደ ልጆቹ የእርስዎን አፍ ያይ ነበር። በዚህ መካከል ከሜዳው ወገብ ላይ አንድ ቀጭን ድምፅ "ስድስት፣ ዐሥራ አንድ!" ብሎ ጮኸ። ጥርሰ ፍንጭቱ ነው። የልጅ ልጄም ባለችበት ቀጥ አለች። "ሦስት፣ ሰባት!" አለ፤ ሦስት ቁጥር ኳሷን ለቅሞ ከሜዳ አወጣት። "አንድ፣ ዐሥራ አንድ!" አለ፤ ግብ ጠባቂያችን እጆቹን ዘርግቶ ደረቀና ኳሷ በብብቱ ሥር ገባች። ክቡር ሆይ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት የደከሙበትን ቡድን አንድ ውሪ ሣጥን እንኳ ሳይወጣ ለሃያ ደቂቃ አሠለጠነው። ወላጆቹ ሳቁ። መጀመሪያ ላይ እኔም ስቄያለሁ፤ አልዋሽዎትም።

አምስት ለሁለት ሲሆን ልጁ ራሱ አፈረ። ልጅ ነው፣ ጨዋታ መሆኑ ሲያበቃ ያውቃል። ዝም አለ። ሜዳው ሁሉ ዝም አለ። ከጓደኞቹ አንዱ ሳያጠነክር የነካት ኳስ ወደ ግባችን ቀስ እያለች፣ በድካም እንደምትሄድ ነገር፣ ትንከባለል ጀመር። የልጅ ልጄ ከመንገዷ ግማሽ እርምጃ ርቃ ቆማለች። ዐሥራ አንድ ከተባለች ቆይታለች፤ ቁሚ ያላት ልጅ ረስቷታል፤ ሂጂ የሚላት ደግሞ ድምፅ የለውም። እግሯን ብትዘረጋ ትደርስባት ነበር። ዓይኗ ግን ኳሷን አላየም፤ የእርስዎን አፍ ነው ያየው። እግሯም አልተንቀሳቀሰም።

ያን ጊዜ ነው የገባሁት። ስለ ግቡ አልነበረም፤ አምስትም ስድስትም ያው ነው። ኳሷ በእርሷ ፊት እንዲህ ስታልፍ ማየት አቃተኝ። ከዘራዬን ዘረጋሁ፣ ቆመች፣ ከዚያም ወደማይገባት ቅልጥም ሄደች። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ምን እንደሚል ግን ስላላወቀ ደብተሩን ይገላልጥ ነበር። ልጅቷ ቀና ብላ "አያቴ፣ ምን ላድርግ?" አለችኝ። እኔም ምን እንዳልኋት ልንገርዎ፤ ከወሬው ሁሉ ይህ ብቻ አልተወራም። "ነይ፣ እንሂድ!" ብዬ አዘዝኋት። መጣችም።

አምስተኛ፤ ስለ ዋንጫዎቹ ነው። በጽሕፈት ቤትዎ መስኮት በኩል ሰባቱን ቆሜ አይቻቸዋለሁ፤ አቧራቸው በየቀኑ እንደሚወለወል ያስታውቃል። ዋንጫዎቹን ያመጡት ልጆች የት እንዳሉ ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም። አንደኛውን በአጋጣሚ አገኘሁት። በልጅነቱ ጥይት ይሉት የነበረው፣ ሁለት ዋንጫ ያነሣው አምበልዎ፣ ዛሬ መስተዋት ቆራጭ ነው፤ ሥራውም ጥሩ ነው፣ እጁም የተረጋጋ። የጎረቤቴን መስኮት ሊለካ በመጣ ጊዜ ኳስ ትጫወታለህ ወይ አልሁት። "ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ወደ ትልልቆቹ ቡድን ተላክሁ እማማ" አለኝ። "እዚያ አሠልጣኙ አይጮህም፤ ራስህ እየው ይላል። ማንም ካልጮኸ ሜዳው ይሰፋብኛል። ኳሷ ስትመጣ የምሄድበት ይጠፋኛል። ተውኩት።" ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። አልከሰሰዎትም፤ እንዲያውም "ጥሩ ሰው ናቸው፣ ሰላም በይልኝ" ብሎኛል። እነሆ ሰላምታው ይድረስዎ።

ስድስተኛ ቅሬታዬ በእርስዎ ላይ አይደለም።

የልብስ ስፌት አስተማሪ ነበርሁ። ባስተማርሁበት የመጀመሪያ ዓመት መቀስ ስትይዝ እጇ የሚርድ አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። አዘንሁላትና ዓመቱን ሙሉ እጄን በእጇ ላይ አድርጌ አብሬአት ቆረጥሁ። ከክፍሉ ሁሉ የእርሷን ያህል የተስተካከለ ቁርጥ አልነበረም፤ ርእሰ መምህርቷም አመሰገኑኝ። በፈተና ቀን አስተማሪ ክፍል አይገባም። በመስኮት አየኋት፤ መቀሱን ከጨርቁ በላይ ከፍታ እንደያዘች ደወሉ ተደወለ። አንድ ክር አልቆረጠችም። በሕይወቷ አንድም የተበላሸ ቁርጥ ያልቆረጠች ተማሪዬ እርሷ ናት፤ አንድም የተቃና አልቆረጠችም። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ አሳይቼ ወደ ኮሪደሩ መውጣት ተማርሁ። ውጭ ቆሜ መቀሱ ሲሳሳት ድምፁን እሰማለሁ፤ ጥርሴን ነክሼ አልገባም። ሲጨርሱ ገብቼ "የት ላይ ሄደብሽ?" እላለሁ፤ እነርሱ ያውቁታል። ስንት ጥሩ ጨርቅ ተበላሸ መሰለዎት! ጨርቅ ያላበላሸች ሰፊ ግን አላፈራሁም።

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" የሚለውን ተረት እንደሚወዱት ከአሠራርዎ አይቻለሁ። እኔም እወደዋለሁ። ተረቱ ግን አይበቃም ነው ያለው እንጂ አታስቦኩት አላለም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ክቡር ሆይ፣ ልጅቷን ወደ እርስዎ ያመጣኋት እኔ ነኝ። አባቷ ከድልድዩ ማዶ ያሉት ጋ ትግባ ብሎኝ ነበር፤ ልጆቹ ደስ ብሏቸው ይጫወታሉ አለ። እኔ ግን በአጥሩ በኩል ሳልፍ ድምፅዎን ሰምቼ ቆምሁ። መስመሩ በኖራ ቀጥ ብሎ ተሰምሯል፤ ልጆቹ እንደ ክር ተሰልፈዋል፤ ማንም አይስቅም። የልጅነት ትምህርት ቤቴን መሰለኝ። በዚያ ትምህርት ቤት መዳፋችንን ወደ ላይ አድርገን ማስመሪያ እንጠብቅ ነበር፤ እኔም ከዚያ የወጣሁት ቀጥ ብዬ ስለሆነ ማስመሪያው ያቀናኝ ይመስለኝ ነበር። "ሳቅ ምን ያስተምራል?" ብዬ ልጄን አፉን አስያዝሁት። ዛሬ ፊርማህን አንሣ ብዬ ስለምነው "እማ፣ ያስገባሻት አንቺ አይደለሽም እንዴ? የሚጮህ ሰው ይሻላታል ያልሽኝ አንቺ ነሽ" አለኝ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ ያፈሰስሁትም በራሴ እጅ ነው።

ስለዚህ መክሰስ አልችልም፤ መከልከልም አልችልም። ልጅቷን ራሷን ጠየቅሁ፤ መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ አልኋት። ስለ ጩኸቱም አነሣሁባት። "አሠልጣኜ እኮ የሚጮኸው ስለሚያየኝ ነው፤ ካልጮኸብኝ ረስቶኛል ማለት ነው" አለችኝ። እርስዎን ትወድዎታለች፤ ይህን እንዲያውቁት እፈልጋለሁ፤ ከሁሉ የከበደኝም ይህ ነው። ከዚያ የመመረጧን ወረቀት አነበብሁላት። አዳመጠችና ፊቴን በጥንቃቄ፣ አንዱን ቅንድብ ከሌላው እያስተያየች፣ መረመረችው። ከዚያም "አያቴ፣ ደስ ይበለኝ?" አለች።

ማሰሮ ላጥብ ብዬ ተነሣሁ።

እንግዲህ ልመናዬ ትንሽ ናት። አሠራርዎን ይለውጡ አልልም፤ ሰባት ዋንጫ ያለውን ሰው አንዲት ከዘራ የያዘች ሴት አትለውጠውም። ነገ ቅዳሜ ልምምድ አለ። ከልምምዱ ውስጥ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ዝም ይበሉልኝ። ከሣጥኑ ወርደው ይቀመጡበት፤ ለመቀመጥ ከመቆም የተሻለ ይሆናል። ልጆቹ ይቆማሉ፣ ያዩዎታል፣ አንዱ ያለቅስ ይሆናል፤ አይፍሩ። ዐሥሩ ደቂቃ ሲያልቅ ቁጥር ከመጥራትዎ በፊት ፖስተኛው የጠየቁትን አንድ ጥያቄ ይጠይቋቸው፤ ቃሉ ሦስት ብቻ ነው፣ ጉሮሮም አይጎዳም። እኔ ከአጥሩ ውጭ፣ ከተከለከልሁበት መስመር ሁለት እርምጃ ርቄ እቆማለሁ። እንደማያደርጉት አውቃለሁ። ሆኖም የልብስ ስፌት አስተማሪ ጨርቁ እንዳለቀ እያወቀችም ትለካለች።

የከበረ ጤናዎ እንዲጠበቅ፣ ዋንጫዎችዎ ስምንት እንዲሆኑ፣ ሣጥንዎም እንዳይሰበር እየተመኘሁ፣ በትዕግሥት ስላነበቡኝ፣ ካላነበቡኝም ስላላነበቡኝ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሣለሁ።

የስድስት ቁጥር አያት፤
ጡረታ የወጣች የልብስ ስፌት አስተማሪ፤
ከአጥሩ ውጭ

ግልባጭ፦
ለረዳት አሠልጣኙ፤ ለቅልጥሙ ምሕረት እየለመንሁ።
ለጨዋታው ዳኛ፤ ስለ ከዘራ የሚናገር ደንብ ካገኘ ያሳውቀኝ ዘንድ።
ለጥርሰ ፍንጭቱ ልጅ፤ የቡድንዎን ሁለተኛ አጋማሽ በብቃት ስለመራ። ዋናው አሠልጣኝ ለአዳሪ ማሠልጠኛው ሥራ ሲሄዱ ቦታው ክፍት ስለሚሆን ማመልከቻውን ከአሁኑ ቢያዘጋጅ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ አንድ ነገር ታወሰኝ፤ ቅዳሜ ዕለት ከሜዳ ያስወጣኋት በትእዛዝ ነው። ከዚያም በፊት ይሁን ከዚያ ወዲህ፣ ላውርደው ስትለኝ አውርጂው፣ ልሻገር ስትለኝ ተሻገሪ፣ ጠግቤያለሁ ወይ ስትለኝም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጠግበሻል ብያታለሁ። እርስዎ ሣጥን ላይ ይቆማሉ፤ እኔ ወጥ ቤት እቆማለሁ፤ ልዩነታችን ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ እርስዎ ዐሥሯን ደቂቃ ቢነፍጉኝም እኔ ነገ በመጀመሪያ የማደርገውን ላስታውቅዎ። ከእርሷ ቀድሜ እነሣለሁ፤ አልቀሰቅሳትም። የጨርቅ ኳሷን ትናንት እንደገና ሰፍቻታለሁ፤ ኮሪደሩ መካከል አኖራታለሁ፤ ስለ እርሷ ምንም አልናገርም። ወንበሮቹን አልነካም። ወተት እጥዳለሁ፤ ከምድጃው ርቄ፣ እጆቼን ከሻሼ ሥር አድርጌ እቀመጣለሁ። መገንፈል ሲጀምርና ዞራ "አያቴ፣ ላውርደው?" ስትለኝ ምላሴን እነክሳለሁ። ይቻለኝ እንደሆነ አላውቅም። እስኪወስዷት ድረስ የቀሩኝ ዘጠኝ ጠዋቶች ናቸው፤ ለዘጠኙም የሚፈስ ወተት አዝዣለሁ።